የሚመረመረው የትኛው ነው?

ዌብ ሰርቨር ሥራውን ሲሠራ ዝምተኛ ነው። ጥያቄ ይቀበላል፣ ገጽ ይልካል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በመካከል ምን እንደተደረገ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ደኅና እስከሆነ ድረስ ማወቅ የሚፈልግም የለም። ነገር ሲበላሽ ግን ይህ ዝምታ ያስጨንቃል፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ዲባግ ሞድ የሚሉትን ሌላ ጠባይ ጨመሩለት። በዚህ ጠባዩ ሰርቨሩ እየሠራ ይናገራል፤ ግንኙነት ተቀበልኩ፣ የጥያቄውን የመጀመሪያ መስመር አነበብኩ፣ ይህን ያህል ባይት ላክሁ እያለ እያንዳንዷን እርምጃ ሎግ በሚባለው መዝገብ ላይ ያሰፍራል። የተለመደው አስተያየት በዲባግ ሞድ የሚሠራው ያው ፕሮግራም ነው፣ ልዩነቱ መናገሩ ብቻ ነው የሚል ነው። እኔን የሚይዘኝ ይህ «ብቻ» ነው። መናገር የተናጋሪውን ሥራ ሳይነካ ከላይ የሚታከል ነገር ነውን? ሰርቨሩ ዝም ሲል ጤነኛ፣ ሲናገር ግን የሚወድቅ ከሆነስ ጥፋቱን የምንጽፈው በየትኛው ላይ ነው?

ሐሳቡ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ጉድለት፣ እናስብ። በሲ ቋንቋ በተጻፈ ሰርቨር ውስጥ አንድ የዲባግ መስመር አለ፤ ሥራው ጠያቂው የፈለገውን ድረ ገጽ ስም ሎግ ላይ መጻፍ ነው። አልፎ አልፎ ስም ያልያዘ ጥያቄ ይመጣል። ያን ጊዜ በስሙ ቦታ የሚገኘው ፕሮግራመሮች ነል የሚሉት፣ ወደ የትም የማያመለክት ጠቋሚ ነው። የቀረው ኮድ ስሙን ሳይነካ መልሱን አዘጋጅቶ ይልካል፤ የዲባግ መስመሩ ግን ሊያነበው ይሞክራል። እንዲህ ያለው ንባብ ምን እንደሚያስከትል የሲ ደንብ አይወስንም። የጂኤንዩ ላይብረሪ ባለበት ሊነክስ ላይ መደበኛው የሕትመት ትእዛዝ በቅንፍ «ነል» ብሎ ጽፎ ያልፋል፤ በቀድሞው ሶላሪስ ላይ ያው ትእዛዝ ፕሮሰሱን፣ ማለትም እየሠራ ያለውን ፕሮግራም፣ ይገድለዋል። እንግዲህ ሰርቨሩ ለማንም የተሳሳተ ገጽ አልላከም፤ የወደቀው ስለ ራሱ ሊናገር ሲጀምር ነው። አንዱ «ይህ የሰርቨሩ ባግ አይደለም፣ የማብራሪያው ነው» ይላል። ሌላው «ማብራሪያው የሰርቨሩ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ትክክል ይመስላሉ፤ የሚመስሉትም ሰርቨር የሚለውን አንድ ስም ለሁለት ነገር ስለሚሰጡት ነው።

ስሙ የሚሸፍናቸውን ነገሮች ለመለየት ኤንጂንኤክስ ጥሩ መፈተኛ ነው። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶዬቭ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ይህ ሰርቨር የተጻፈው «አንድ ማሽን አሥር ሺህ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ እንዴት ይሸከማል?» ለሚለው የዘመኑ ፈተና መልስ እንዲሆን ነው። ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም እያንዳንዱ ትርፍ ንግግር ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ሲገነባ «ዲባግ ይኑርበት» ተብሎ ካልታዘዘ በስተቀር የዲባግ መስመሮቹ በምንጭ ኮዱ ላይ እያሉ በሚሠራው ፋይል ውስጥ የሉም፤ በኮምፓይል ጊዜ ተነው ጠፍተዋል። ይኑርበት ተብሎ ሲገነባ ደግሞ ሁለት ሁኔታ ይፈጠራል። የሎግ ደረጃው ካልተከፈተ እያንዳንዱ መስመር «ልናገር ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ አትናገር ተብሎ ያልፋል፤ ከተከፈተ ይናገራል። አንድ ምንጭ፣ ሦስት ሰርቨር፤ ምላስ የሌለው፣ ምላስ እያለው ዝም ያለ፣ የሚናገር። ተገንብቶ የሚከፋፈለው የሊነክስ ጥቅልም ዲባግ ያለበትን ፋይል ለብቻው፣ በተለየ ስም ይዞ ይመጣል። ሠሪዎቹ በንድፈ ሐሳብ ያልተከራከሩበትን በፋይል ስም አምነውታል ማለት ነው።

«ምንጩ አንድ እስከሆነ ድረስ ፕሮግራሙ አንድ ነው» የሚል ተከራካሪ ይነሣል። ይህን መልስ ንቆ ማለፍ አይቻልም፤ ባግ የሚታረመው በምንጩ ላይ ነውና። ነገር ግን ምንጭ ጽሑፍ ነው፤ ሰርቨር ድርጊት ነው። ጽሑፍ አይወድቅም፣ አይዘገይም፣ ግንኙነት አያቋርጥም። ከአንድ ጽሑፍ ስንት ዓይነት ድርጊት እንደሚወጣ የሚወስነው በግንባታ ጊዜና በማስነሻ ጊዜ የተመረጠው ነው። በጽሑፉ ካየነው ያ የነል ንባብ ሁልጊዜ አለ፤ በድርጊቱ ካየነው ያለው ሰርቨሩ ሲናገር ብቻ ነው። አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አለም የለምም ማለት ያስቸግራል፤ የባግ መኖሪያ የት እንደሆነ እስካልወሰንን ድረስ ግን ሌላ አነጋገር አላገኘሁም።

እስካሁን ያየነው በንግግር ስለሚወለድ ባግ ነው። ከእርሱ ይበልጥ የታወቀው ተቃራኒው ነው፤ በንግግር የሚሰወረው። ጂም ግሬይ በታንደም ኮምፒውተርስ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1985 ኮምፒውተሮች ለምን እንደሚቆሙ በመረመረበት ጽሑፉ፣ በተጠሩ ቁጥር የሚመጡትን ባጎች ከፊዚክስ ሊቁ ከቦር፣ ሊይዟቸው ሲሉ የሚጠፉትን ደግሞ ከሌላው የፊዚክስ ሊቅ ከሃይዘንበርግ ጋር አያይዞ ጠራቸው። «ሃይዘንባግ» የሚለው ስም ከዚያ በኋላ በሙያው ውስጥ ጸና። ስሙ ማራኪ ነው፤ ማራኪነቱን ግን አላምነውም። የአቶምን ዓለም ረቂቅነት ተውሶ የፕሮግራመሩን ግራ መጋባት ክብር ይሰጠዋል። በሰርቨር ውስጥ ምርመራው የሚመረመረውን የሚለውጥበት ምክንያት ረቂቅ አይደለም። ሎግ ፋይል ላይ መጻፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ሲወስድ በአንድ ቅጽበት ይጋጩ የነበሩ ሁለት ሥራዎች ተላልፈው ያልፋሉ፤ ባጉም አብሮ ይጠፋል። አፓቼ የሚባለውን ሌላ ዌብ ሰርቨር ለዲባግ በተመደበችው በኤክስ ፊደል ሲያስነሡት ብዙ ፕሮሰሶችን መፈልፈሉን ትቶ በአንድ ብቻ ይሠራል፤ ለመርማሪው የሚመች ሁኔታ ነው፣ ዳሩ ግን በፕሮሰሶች መካከል በሚፈጠር ሽሚያ የመጣ ባግ ካለ ሽሚያው ራሱ ተወግዷል። ምስጢር የለም። ያለው፣ ሌላ ነገር ሠርተን ያንን ሌላ ነገር መመርመራችን ነው።

ይህ ከሆነ የዲባግ ሞድን ቃል ጨርሶ መተው ይቀላል የሚል ሊኖር ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይቀልም፤ አንዳንድ ጊዜ እውነቱን የሚይዘው የተለወጠው ነው። አፓቼ የቆመበት ላይብረሪ ሜሞሪን በየቁርጥራጩ ሳይሆን በገንዳ ይመድባል፤ የአንድ ጥያቄ ሥራ ሲያልቅ ገንዳው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በዚህ አሠራር፣ የተለቀቀ ሜሞሪን ዘግይቶ የሚነካ ኮድ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅበት ይኖራል፤ የነካው ቦታ ገና ለሌላ ስላልተሰጠ አሮጌው ይዘት እዚያው ይጠብቀዋል። የገንዳው ዲባግ ሲበራ ግን እያንዳንዱ ምደባ ለብቻው ይወሰዳል፣ ሲለቀቅም ለብቻው ይመለሳል፤ ዘግይቶ የመጣው እጅ ወዲያውኑ ይያዛል። እዚህ ላይ የሚወድቀው የዲባግ ሰርቨር ነው፤ ጥፋተኛው ግን ሳይወድቅ የሚያገለግለው ነው። ስለዚህ «በዲባግ ሞድ ብቻ የሚታይ ባግ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ምንም አይነግረንም። ባጉ እዚያ ተወልዶ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ተገልጦም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፦ ሲበራ ይወድቃል፣ ሲጠፋ ይሠራል።

በሥራው ዓለም ግን እንዲህ ያለ ጭንቀት ብዙ አይታይም። የዲባግ ሞድ ባግ ሲቀርብ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ማንም አያበራውም» ይባልና ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጣል። የዲባግ ግንባታው ከቤቱ ለማይወጣ ኩባንያ ይህ መልስ መሠረት አለው። ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ግን ቤት የሚባለው የቱ ነው? አፓቼ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1995 የተወለደው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል የተሠራውን ሰርቨር ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች የየራሳቸውን ጥገና ሰብስበው ባቀናጁበት ጊዜ ነው። ተጠቃሚዎቹ ናቸው ሠሪ የሆኑት። የነጻ ሶፍትዌር ሰዎች ከሚዘረዝሯቸው መብቶች አንዱ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሠራ የማጥናት መብት ነው፤ ምንጩን ማንበብ የዚህ መብት ግማሽ ከሆነ፣ እየሠራ ሲናገር መስማት ሌላው ግማሽ ነው። የተሰበረ ዲባግ ሞድ ለመብቱ ባለቤት የተሰበረ በር ነው፤ በሩን ማን እንደሚያንኳኳ ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ በዚህ ላይ አቋሜን አልደብቅም። ዲባግ ሞድን የሚያበሩት ጥቂት ናቸው የሚለው ቆጠራ ትክክል ነው፤ የሚለካው ነገር ግን ስህተት ነው። ሰርቨሩ ደኅና የሆነለት ሰው ዲባግ አያበራም። የሚያበራው አንድ የተቸገረ ሰው ነው፤ ሰርቨሩ በማይታወቅ ምክንያት እየወደቀበት፣ ኃላፊው እየጠየቀው፣ ምክንያቱን የሚፈልግ። ይህ ሰው ዲባግ አበራ፤ ሰርቨሩ ወደቀ። ምን ይደመድማል? የፈለገው ውድቀት የተገኘ ይመስለዋል። የፈለገው ግን ይህ አይደለም፤ ያገኘው የማብራሪያውን ውድቀት ነው። አሁን ሁለት ባጎች አንድ መልክ ይዘው ፊቱ ቆመዋል፣ የሚለያቸውም ምስክር ከሁለቱ የአንዱ ምንጭ ሆኗል። ተራ ባግ አገልግሎት ያሳጣል፤ የዲባግ ባግ ሌላውን ባግ ማወቂያ ያሳጣል። ከዝርዝሩ ግርጌ የሚያስቀምጡትን ሰዎች በዚህ ብቻ ማሳመን የሚቻል ይመስለኛል።

«ማንም አያበራውም» የሚለው ደግሞ በታሪክ ሲፈተን ሁልጊዜ አልቆመም። ዌብ ከመወለዱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 የተለቀቀው፣ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም የሆነው የሞሪስ ትል ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ሴንድሜይል በሚባለው የፖስታ ሰርቨር ውስጥ የነበረው የዲባግ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ፈታኙ በተቀባይ አድራሻ ፋንታ የፕሮግራም ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር፤ ለሙከራ የሚመች ነገር ነው። ተገንብተው የተከፋፈሉ ብዙ ቅጂዎች ይህን በር ከፍተው ወጡ፤ ትሉም ገባበት። ልብ ሊባል የሚገባው የዲባግ ትእዛዙ የተሠራለትን በትክክል ማድረጉ ነው። እንደ ታሰበለት የሠራ ነገር ባግ ይባላል? መባል አለበት ካልን፣ የባጉ ቦታ ኮዱ ውስጥ ሳይሆን ለማን ይናገር በሚለው ውሳኔ ውስጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ግን ዴቢያን የሚባለው የሊነክስ ስርጭት ጉዳይ ነው። ብዙ ዌብ ሰርቨሮች ምስጢር የሚጠብቁበት የኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ የዘፈቀደ ቁጥር ሲያመነጭ፣ አስቀድሞ ያልተሞላ ሜሞሪንም ወደ ድብልቁ ይጨምር ነበር። ቫልግሪንድና ፒዩሪፋይ የሚባሉት የመመርመሪያ መሣሪያዎች ይህን ባዩ ቁጥር ያጉረመርማሉ፤ ለማጉረምረም ነው የተሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2006 የዴቢያኑ ጥቅል ጠባቂ የማጉረምረሙ ምክንያት የሆኑትን ሁለት መስመሮች ስለማውጣት የላይብረሪውን ሰዎች ጠየቀ፤ ያገኘው መልስ ለዲባግ የሚረዳ ከሆነ ማውጣቱን የሚደግፍ ነበር። መስመሮቹ ለሁሉም ከሚከፋፈለው ጥቅል ወጡ። ከሁለቱ አንደኛው ግን የድብልቁ ዋና መግቢያ ነበር፤ እርሱ ሲዘጋ ከእውነተኛ ዘፈቀደ የቀረው የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 2008 ነገሩ ይፋ እስኪሆን ድረስ በዴቢያንና ከእርሱ በተወለደው ኡቡንቱ ላይ የሚመነጩት ቁልፎች ለየዓይነታቸውና ለየርዝመታቸው ከ32,767 የማይበልጡ ነበሩ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉንም አስቀድሞ ሊያዘጋጃቸው ይችላል ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የአንድ ሰው ቸልተኝነት አድርጎ መንገር ቀላል ነው፤ ስህተትም ነው። ሰውየው ጠይቋል፤ የተጠየቁትም መልሰዋል። መልሱ «ለዲባግ» ስለሚሠራው ፕሮግራም ነበር፤ ለውጡ የገባው በሌላኛው ውስጥ ነው። ሁለቱም ወገን ስለ አንድ ፕሮግራም የሚነጋገሩ መስሏቸው ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደግሞ የጋራ ስማቸው ብቻ ነበር። የምንጩ መከፈትም አላዳነም፤ ጽሑፉ ለሁለት ዓመት ገደማ በሁሉም ዓይን ፊት ተዘርግቶ ነበር። ዓይን የሚያየው ምን እንደሚፈልግ ሲያውቅ ነው፤ እዚህ ግን መመርመሪያው ዝም በማለቱ ሁሉም ጤና ያገኘ መሰለው። ከዲባግ የተገኘ ዝምታን እንደ ጤና መቁጠር፣ ከዲባግ የተሰማ ጩኸትን እንደ ሕመም ከመቁጠር ይልቅ አደገኛ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

የሚፈተነውና የሚያገለግለው ፕሮግራም እንዲህ መለያየታቸው ላይ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተሳልቋል። በሙከራ ጊዜ መፈተሻዎችን አብርቶ በእውነተኛው ሥራ ጊዜ የሚያጠፋን ፕሮግራመር፣ በየብስ ሲለማመድ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሶ ባሕር ላይ ሲወጣ ከሚያወልቅ መርከበኛ ጋር አመሳሰለው። ምሳሌው ይነክሳል፤ ሙሉ ነው ግን አልልም። ሰደርያ አያሰምጥም፤ መፈተሻ ግን ሰርቨሩን ሊጥለው ይችላል፣ እንዲያውም ሥራው መጣል ነው። በአፓቼ ምንጭ ውስጥ ሁለት ዓይነት መፈተሻ አለ። አንደኛው ሁልጊዜ ይሠራል፤ የተባለው ነገር ሐሰት ሆኖ ካገኘው ፕሮሰሱን ያቆመዋል። ሁለተኛው በዲባግ ግንባታ ብቻ ይኖራል፤ በሌላው ጊዜ ወደ ምንምነት ይለወጣል። ኮዱን የሚጽፈው ሰው በእያንዳንዱ ቦታ ይመርጣል፦ ይህ ሐሰት ቢሆን ከመቀጠል መሞት ይሻላል ወይስ ከመሞት መቀጠል? ምርጫው የቴክኒክ ይምሰል እንጂ ስለ ሌሎች ሰዎች የተሰጠ ፍርድ ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ ይህ ነው፦ በሩ ላይ ለሚጠብቁት ሺህ ጎብኚዎች ስህተት ያለበት መልስ ይሻላል ወይስ ምንም መልስ አለማግኘት? ሆር ይህን ምርጫ በአንድ ቀልድ ዘጋው፤ እኔ ክፍት ሆኖ ቢቆይ እመርጣለሁ።

ንግግር የሚያስከትለው ሌላ ዕዳም አለ። የኤንጂንኤክስ የዲባግ ሎግ የጥያቄውን ራስጌዎች እንዳሉ ይጽፋል፤ ኩኪውንም፣ የመግቢያ ፈቃዱንም። በክፍት ምንጭ ዓለም ደግሞ እርዳታ የሚጠየቀው በአደባባይ ነው፤ ለመረዳት ሎግህን አሳይ ይባላል። የሎጉ ምስጢሮች የሰጪው አይደሉም፣ ሳያውቁ ያለፉ የጎብኚዎች ናቸው። በተመረጡ አድራሻዎች ላይ ብቻ ዲባግ የሚከፍት ትእዛዝ መኖሩ ለዚህ ጥቂት ይረዳል፤ መርማሪው የራሱን ጥያቄ ብቻ እያስነገረ ሌላውን ዝም ያሰኛል።

መጀመሪያ ወዳሰብነው የነል ባግ ጥገና ስንመጣ ሦስት መንገድ ይታያል። መስመሩን ማጥፋት ፈጣኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠውም እርሱ ነው። ነል ከሆነ ባዶ ጻፍ ብሎ ማለፍ ጨዋው ነው። ሦስተኛው ነሉ ለምን እዚያ እንደ ደረሰ መጠየቅ ነው፤ ነገሩን የሚወስነውም ይኸው ይመስለኛል። የኤችቲቲፒ 1.0 ደንብ ጠያቂው የድረ ገጹን ስም እንዲናገር አያስገድድም፤ 1.1 ያስገድዳል፣ ስም ያልያዘውንም ሰርቨሩ በ400 ስህተት እንዲመልሰው ያዛል። በነል የደረሰው የ1.0 ጥያቄ ከሆነ ባዶነቱ ሕጋዊ ነው፤ ያጠፋው የዲባግ መስመሩ ነው። የ1.1 ጥያቄ ከሆነ ግን ሰርቨሩ ሊመልሰው የሚገባውን አሳልፎታል፤ የመስመሩ መውደቅ ማንም ያልሰማው ትክክለኛ ምስክርነት ነበር፣ ጨዋው ጥገናም ምስክሩን አፉን ማስያዝ ይሆናል። አንድ መስመር፣ አንድ ነል፣ አንድ ውድቀት፤ ፍርዱ ግን በመጣው ጥያቄ ይለያያል።

የመጣው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መስመሩ ሳይጽፍ ስለወደቀ ሎጉ አይረዳም። ኤንጂንኤክስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ለዚህ የሚሆን ነገር አለው፤ የዲባግ ሎጉን በፋይል ፋንታ በሜሞሪ ውስጥ በተወሰነ መጠን እያሽከረከረ ያስቀምጣል፤ በፋይል መጻፉ የሚያመጣው መዘግየት ይቀራል፣ ፕሮሰሱ ሲሞትም ከሬሳው ላይ በዲባገር ይነበባል። ከዚያ የተገኘውን ጥያቄ ይዞ ፓች፣ ማለትም የኮድ ማረሚያ፣ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ጥያቄ የሚልክ ፈተና አብሮ ቢያስገባ፣ ፈተናውም ዲባግ ባለበትም በሌለበትም ግንባታ ቢሮጥ መልካም ነው። ይህ የፈተናውን ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል። ከመደበኛ ሥራቸው ማታ ተመልሰው ያለ ክፍያ ኮድ የሚጠብቁ ሰዎች መስመሩን አጥፍተው ወደ መኝታቸው ቢሄዱ አልፈርድባቸውም፤ ለጠፋው መስመር ግን የለውጡ ማስታወሻ ላይ ምክንያቱን ቢተዉልን እወዳለሁ።